ምላጭን ያለሰለሱ ድንጋዮች

እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሕይወቱ ያለፈው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ፣ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ የመሳያ ድንጋዮችን የለያቸው በሚፈልጉት ፈሳሽ ነው። አንዱ ዘይት ይጠይቃል፣ ሌላው ውሃ፤ የጸጉር አስተካካዮቹ ደግሞ በምራቅ ይሠራል፣ ከዚህኛውም የስፔኑ ይበልጣል ይላል። ምራቁ ቀርቷል፤ ዘይትና ውሃው ግን እስከ ዛሬ ድንጋዮቹን ይለያያሉ።

ተጣጣፊው የጥንት ምላጭ በሻካራ ድንጋይ ስለት ያወጣል፤ ያ ስለት ግን ፂምን ቢቆርጥም ቆዳን ያቃጥላል። ቃጠሎውን የሚያስቀረው መጨረሻ ላይ የሚታሸበት ልሙ ድንጋይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጸጉር አስተካካዮች ለዚህ ሥራ ከሚተማመኑባቸው መካከል የቤልጅየሙ፣ የጀርመኑና የእንግሊዙ ይገኙበታል። የአሜሪካው የአርካንሳስና የጃፓኑ የኪዮቶ ድንጋዮችም ስመ ጥር ናቸው፤ እነሱን ለሌላ ጊዜ እናቆያቸው።

የቤልጅየሙ ኮቲኩል ይባላል። በአርደን ኮረብቶች፣ በቪልሳልምና በሳልምሻቶ ዙሪያ የሚወጣ፣ 480 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ቢጫ ድንጋይ ነው። የሚገኘው ወደ ወይን ጠጅ በሚያደላ ሰማያዊ ድንጋይ መሐል፣ በስስ ንብርብር ተኝቶ ነው። ቢጫው ብቻውን እንዳይሰበር ከሰማያዊው ጋር አብሮ ይቆረጣል፤ አለዚያም በሌላ ድንጋይ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። አሮጌ ኮቲኩል እጅዎ ከገባ ጎኑን ይመልከቱ፤ መጋጠሚያው ወላዋይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያጋጠመው ተፈጥሮ ነው፤ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ካለ ግን ሙጫን መጠርጠር ይገባል።

ብረቱን የሚፍቀው በኮቲኩል ውስጥ የታጨቀው ጋርኔት የተባለ ማዕድን ነው። ቅንጣቱ በዓይን አይታይም፤ ቅርጹ 12 ገጽ ስላለው ማዕዘኖቹ ሹል አይደሉም፣ ስለዚህም ብረቱ ላይ ጥልቅ ጭረት አይተውም። ባለሙያው ገጹን አርጥቦ በትንሽ ቁራጭ ድንጋይ ሲያሸው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ምላጩን በዚያ ላይ ወዲህና ወዲያ ይነዳል፤ ወተቱ በብረት ብናኝ ይጠቁራል። ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረገ ያቀጥነዋል፤ በመጨረሻም ንጹሕ ውሃ ብቻ ይቀራል። ወፍራሙ ወተት ፈጥኖ ይፍቃል፣ ንጹሑ ውሃ ያለሰልሳል። አንድ ድንጋይ የሁለትና የሦስት ድንጋይ ሥራ የሚሠራው በዚህ ነው።

የጀርመኑ ከቱሪንጂያ፣ ከሽታይናክና ከዞንበርግ አካባቢ ይወጣ ነበር። እጅግ ልም የሆነ የሰሌዳ ድንጋይ ዘር ነው። ከሻጮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የዞንበርጉ ጄ. ጂ. ኤሸር ኡንድ ዞን ነበር፤ በድንጋዩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ቀለሙን ጭምር ይጽፍበት ነበር፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ቢጫ አረንጓዴ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ለቢጫ አረንጓዴው፣ በተለይም ወረቀቱ ላልተላጠው፣ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። እኔ ለወረቀቱ ያን ያህል መክፈልን አልደግፍም፤ ወረቀቱ የተላጠበትም የዚያው ተራራ ልጅ ነው። ስለቱ ግን ዝናው ይገባዋል። ሥራው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ምላጩ በውሃው ላይ ድንጋዩን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ እጅም ያን ሲያውቅ ማቆም አለበት።

የእንግሊዙ ቻርንሊ ፎረስት ከሌስተርሻየር፣ ከቻርንዉድ ይመጣ ነበር። የወይራ አረንጓዴ መልክ ያለው፣ አንዳንዴም ቀይ ነጠብጣብ የጣለበት ጠንካራ ድንጋይ ነው። በዘይት ይሠሩበታል። አዝጋሚ ነው፤ ከሱ በፊት ስለቱ በሚገባ ካልተዘጋጀ ምንም ያህል ቢያሹት ጉድለቱን አይሸፍንም። ትዕግሥት ላለው ግን ጽኑ ስለት ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ሙያ ያናጋው የአሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ተጥሎ የሚተካ ስስ ምላጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መላጫው ከ90 ሺህ አለፈ። የሚጣል ምላጭ መሳያ አይፈልግምና ድንጋዮቹ ከየጸጉር ቤቱ ወጥተው ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወረዱ።

ሦስቱን ሳነጻጽር ለቆዳ የሚራራው የቱሪንጂያው ነው እላለሁ። አንድ ድንጋይ ብቻ ለሚይዝ ሰው ግን ኮቲኩል ይሻለዋል፤ ስህተትን ይታገሣል፣ የደነዘዘውንም ይመልሳል። በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች ከነዚህ አንዱን በአሮጌ ዕቃ ገበያ ብታገኙ፣ መሐሉ እንደ ኮርቻ የሰረጎደ ከሆነ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተነጠፈ የአሸዋ ወረቀት አስተካክሉት። የቆየ ዘይት ከጠጣ በሳሙና እጠቡት፤ ቱሪንጂያውንና ኮቲኩሉን ግን ዘይት አታስነኩ፣ ውሃ ይበቃቸዋል።