ጉንፋን መሰል ሕመም የያዛትን ድመት በሕክምና ሙከራ ማሳተፍ

የድመት የላይኛው የመተንፈሻ አካል ሕመም በማስነጠስ፣ በአፍንጫና በዓይን ፈሳሽ፣ በትኩሳትና ምግብ በመጥላት ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የድመት ኸርፐስ ወይም ካሊሲ የተባለ ቫይረስ ነው። ክላሚዲያን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎችም ብቻቸውን ወይም በቫይረሱ ላይ ተደርበው ሕመሙን ያስከትላሉ። ጎተራ የምትጠብቅ የገጠር ድመትም ሆነች የከተማ ቤት ድመት፣ ከታመመች ድመት ጋር በመቀራረብ ወይም በአንድ ዕቃ በመመገብ ትያዛለች።

ብዙዎቹ ድመቶች ከሰባት እስከ ዐሥር ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ያገግማሉ። መድኃኒትን መመዘን አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአምስተኛው ቀን መድኃኒት ሰጥቶ በዘጠነኛው ቀን ድመቱ ስትድን ያየ ባለቤት ምስጋናውን ለመድኃኒቱ ይሰጣል፤ ድመቷ ግን ያለ መድኃኒቱም ልትድን ትችል ነበር። ሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር የኸርፐስ ቫይረስን ይገታል ተብሎ ለዓመታት ለድመቶች ሲሰጥ ኖሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን ጥቅም የሌለው መሆኑን አመልክቶ፣ መስጠቱ እንዲቆም መክሯል። ለሰው የተሠሩት የኸርፐስ መድኃኒቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፋምሳይክሎቪር ለድመቶች ጠቃሚ ሆኖ ሲገኝ፣ ቫላሳይክሎቪር በሙከራ ላይ የጉበት፣ የኩላሊትና የመቅኔ ጉዳት አድርሷል። ይህ ልዩነት በግምት የሚታወቅ አልነበረም።

የሕክምና ሙከራ ድመቶችን በዕጣ በመደልደል ለከፊሎቹ የሚፈተነውን መድኃኒት፣ ለቀሩት ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ወይም ፈዋሽ ይዘት የሌለው ማስመሰያ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ባለቤቱም ሐኪሙም የትኛው እንደ ደረሳት አያውቁም። ባለቤቱ ከመፈረሙ በፊት ሊረዳው የሚገባው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ድመቷ አዲሱን መድኃኒት ላታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ማስመሰያው የደረሳት ድመት ብትዳከም በስንተኛው ቀን ወደ ታወቀ ሕክምና እንደምትዛወር መጠየቅ አለበት።

እንዲህ ያሉ ሙከራዎች በአብዛኛው የሚካሄዱት በእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ባለቤቶች የአገሪቱ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በሚያስተዳድረው የጥናቶች መዝገብ መፈለግ ይችላሉ። በኢትዮጵያ በጎንደርና በቢሾፍቱ የሚገኙትን ኮሌጆች መጠየቅ ይቻላል።

ለመመዝገብ ድመቷ ትመረመራለች፤ ከአፍንጫ፣ ከዓይን ወይም ከጉሮሮ ናሙና ይወሰዳል። ዕድሜዋ፣ ክትባቷና ሕመሙ የጀመረበት ቀን ይጠየቃል። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደች ድመት ብዙ ጊዜ አትመረጥም። ስለዚህ ከቤት የተረፈ ክኒን መስጠት ዕድሉን ይዘጋል። ከዚያም የከፋ አለ፦ ለሰው የሚታዘዝ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ድመትን ልትገድል ትችላለች።

የስምምነት ቅጹ የጉብኝቶቹን ብዛት፣ የሚጠበቁትን ጉዳቶችና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን መግለጽ አለበት። የጥናቱን መድኃኒትና ምርመራ አጥኚዎቹ መሸፈናቸው የተለመደ ቢሆንም፣ ድመቷ ሌላ ችግር ቢገጥማት ሒሳቡ ወደ ባለቤቱ ሊዞር ይችላል። ባለቤቱ ሐሳቡን ቢለውጥ በማንኛውም ጊዜ ድመቱን የማውጣት መብት አለው።

ሙከራን መጠበቅ የማይገባበት ጊዜም አለ። አፍንጫዋ የተደፈነባት ድመት ሽታ ስለማይሰማት መብላት ታቆማለች፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ያልበላች ድመት ጉበቷ በስብ ሊጎዳ ይችላል። በአፏ የምትተነፍስ ድመትና የደከመ ግልገልም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው። ካሊሲ ቫይረስ ምላስን ስለሚያቆስል ልሃጭ ያዝረበርባል። ከልሃጩ ጋር የጠባይ ወይም የድምፅ ለውጥ፣ ያለ ምክንያት መናከስም ከታየ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ድመቷን መንካት አይገባም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ኸርፐስ ከዳኑ ድመቶች ሰውነት አይወጣም፤ ጭንቀት ሲገጥማቸው እንደገና ይነሣል። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ሙከራዎች ድመቷ ካገገመች በኋላም ክትትል ያደርጋሉ። በዚህ ወቅት የምትመገብበትን ዕቃ ከሌሎቹ ድመቶች መለየት ይገባል።