ስምንት ፊትና አንድ ድምፅ

እንግሊዞች «ካራክተር አክተር» የሚሉት ዓይነት ተዋናይ አላቸው። መልከ መልካሙን አፍቃሪ ሆኖ ሳይሆን ስስታሙን፣ ቄሱን፣ ነገረኛውን ሽማግሌ ሆኖ ብቅ የሚል ነው። ተመልካች ስሙን ሳይዝ «ያ ሰውዬ» ይለዋል። አሌክ ጊነስ እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ አንድ ፊልም ላይ የአንድ መኳንንት ቤት ስምንት ዘመዳሞችን ሆኖ ተጫውቷል፤ አንዷ እንዲያውም ሴት ናት። ግን እሱስ ሰው ሠራሽ ጺም፣ ቀሚስና ካሜራ ነበረው።

የእኛው ወጋየሁ ንጋቱ በደርግ ዘመን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የያዘው መጽሐፉን ብቻ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ያን ወፍራም ልብ ወለድ ይዞ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የጉዱ ካሳን ምሬት፣ የውድነሽን እናትነት በአንድ ጉሮሮ አወጣው።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ተጨማሪ መዝናኛ ነበር፤ ቲያትር ቤት አለዋ! ለእኛ ለሙጃ ሰዎች ግን ተውኔት ማለት እሱው ራሱ ነው። በዚያ የላስታ ደጋ መድረክ የት ተገኝቶ? የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ማታ ጋቢ ተከናንበን ሬዲዮኑን እንከባለን። (ድንጋዩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚደክመው ወሬው ሲጥም ነው።) ጎጃምን ረግጠው የማያውቁ ገበሬዎች ዲማ ጊዮርጊስን እንደ ጎረቤት አጥቢያ ያወሩት ነበር።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። የሙያ ጓደኛው ደበበ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ1973 «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ስለሠራ፣ ያን ጊዜ እንዴት እንደተራመደ፣ እንዴት እንዳየ ዛሬም ማየት ይቻላል። ወጋየሁ በብሔራዊ ቲያትር መድረክ ላይ ያፈሰሰው ላብ ግን ያየው አየ፣ ያላየው ቀረ። መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። ያን ሁሉ ዓመት የመድረክ ሥራን በፊልም ማስቀረት ቅንጦት ይመስለን ነበር መሰለኝ። ለሬዲዮ ተብሎ የተቀዳ ክር ባይኖር ኖሮ ለልጆቻችን የምናሰማው ምን ነበር?

ትረካው አሁን በየስልኩ ይዞራል። ሙጃ ላይ ለአንድ አዛውንት ከፍቼላቸው ገና ከመጀመሩ ፈገግ አሉ።

«አንባቢውን ያውቁታል አባባ?»

«የምን አንባቢ?» አሉኝ። «ፊታውራሪ አይደሉም እንዴ የሚናገሩት!»