ለራስ ሲቆርሱ

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ በገበታ ላይ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ለሌላው እንዲያካፍል የታዘዘ ሰው ሁሉ፥ ዳኛም ቢሆን፥ የሕዝብ እንደራሴም ቢሆን፥ ስለ ዕውቀቱ ምክር የሚጠየቅ ሊቅም ቢሆን፥ ከዚህ ቃል አያመልጥም። ሰውየው ሌባ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌባማ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፥ ወኅኒ ቤት አለለትና። ደግ ሰውም ቢሆን ለራሱ በሚቆርስበት ጊዜ እጁ ሳይታወቀው ሰፋ ይላል። ስለዚህ ቆራሹ አስቀድሞ «ከዚህ እንጀራ እኔም ድርሻ አለኝ» ብሎ ቢናገር፥ በገበታው ዙሪያ ያሉት ሰዎች እጁን ይጠብቁለታል። ዛሬ በሕግ ቋንቋ የጥቅም ግጭትን ማሳወቅ የሚባለው ነገር ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም።

ይህን ነገር አገራችን ሳታውቀው የቀረች አይደለችም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ27ኛው አንቀጽ፥ ዳኛ ከተከራካሪዎቹ ከአንደኛው ጋር በሥጋ ወይም በጋብቻ የተዛመደ እንደ ሆነ፥ ወይም ቀድሞ በዚያው ጉዳይ ጠበቃ ወይም አስታራቂ ሆኖ የሠራ እንደ ሆነ፥ ወይም ራሱ ከአንደኛው ጋር ክርክር ያለው እንደ ሆነ፥ ከችሎቱ ይነሣ ብሎ አዝዟል። ደግሞም ሌላ ሰው እስኪቃወመው ድረስ ሳይጠብቅ፥ ምክንያቱን እንዳወቀ ወዲያው ራሱ መነሣት አለበት። ስለ አንዲት ላም ለሚከራከሩ ሁለት ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎላቸው ነበር። የአንድ ሙሉ አውራጃ ሕዝብ እንጀራ በሚቆረስበት ጊዜስ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነበረን ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከአሰላ ይልቅ የሚመልስልን ስፍራ አላውቅም።

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ ያበቅላል፤ ከብቱም ብዙ ነው። የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብ ለዓመታት ተዋግቶ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በራስ ዳርጌ ጦር ድል ከተመታ ወዲህ፥ ከመሬቱ ብዙው ለመኳንንት፥ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተደለደለ። የቀድሞው ባለአገር በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆነ። ሰማንያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላም ከአርሲ ገበሬ ግማሽ ያህሉ የሚያርሰው የሰው መሬት ነበር። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው፤ ኪራዩ የምርቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ነው፤ መኸሩ ካለቀ በኋላ ባለርስቱ «ልቀቅ» ቢለው ጭሰኛው የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

የስዊድን ሊቃውንት የመጡት ወደዚህ አገር ነው። አስቀድመው የመጡት አጥኚዎች አውራጃውን መርምረው ከመከሩ በኋላ፥ በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ መንግሥታት ተፈራረሙና የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ። ሕዝቡ ከእንግሊዝኛው ስም አሳጥሮ ካዱ ይለዋል። ካዱ የሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። በቁሉምሳ የስንዴ ዘር ተፈተነ፤ ላቀችና እንኮይ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች ስማቸው በገበሬው አፍ ገባ፤ ማዳበሪያ በብድር ታደለ፤ ወተት ተሰበሰበ፤ መንገድ ተጠረገ፤ በአሰላም በበሬ የሚጎተተውን ማረሻ ለማሻሻል ብዙ ተደከመ። ዓላማው በጽሑፍ የተገለጸ ነበር፤ ትንሹን ባለመሬትና ጭሰኛውን መርዳት። እኔ ይህን ሁሉ የማወሳው በክፉ ለማንሣት አይደለም። ባዕድ አገር መጥቶ ከገበሬ ጋር ጭቃ የረገጠ ሊቅ ክብር ይገባዋል።

ነገር ግን ምክር በባዶ ሜዳ ላይ አይዘራም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭሰኛው የማዳበሪያ ብድር ለማግኘት የባለርስቱ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ባለርስቱ ደግሞ ለምን ይፈርማል? ዛሬ ከፈረመ ነገ ጭሰኛው በመሬቱ ላይ መብት አለኝ እንዳይለው ይፈራል። ማዳበሪያውንና ዘሩን ራሱ ቢወስደው ግን ማንም የሚጠይቀው የለም። ስንዴው ማማር ሲጀምር ሲሶ የነበረው ኪራይ በብዙ ስፍራ እኩል ሆነ። ከዚያም ትራክተር መጣ። መንግሥት ለእርሻ መሣሪያና ለትራክተር ነዳጅ ቀረጥ ስለማረ፥ አንድ ሦስት ጋሻ ያለው ባለርስት እንዲህ ብሎ አሰበ እንበል፦ «ከአሥር ጭሰኞች እኩሌታ ከምቀበል፥ አሥሩን አሰናብቼ ሁሉንም ብወስድስ?» ሂሳቡ ትክክል ነው። የከተማ ነጋዴም ከባለርስት መሬት ተኮናትሮ በትራክተር ያርስ ጀመር። በሜዳማው የጭላሎ ክፍል ብዙ ጭሰኛ ከነልጆቹ ተነሣ፤ የከብቱም ግጦሽ ታረሰ።

እዚህ ላይ፥ አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር እንለይ። አማካሪዎቹ ጉቦ በሉ አልልም። ጥቅም ግን ብር ብቻ አይደለም። የአማካሪው ደመወዝ፥ ስሙ፥ ወዳገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ማዕርግ፥ ሁሉም የድርጅቱን መቀጠል የተደገፈ ነበር። ድርጅቱ የሚመሰገነውም ከአንድ ሄክታር በተገኘው ኩንታል ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ አሥር ጭሰኛ የተባረረበት፥ በትራክተር የታረሰ፥ ማዳበሪያ የጠገበ መሬት በመዝገቡ ላይ የሚታየው እንደ ድል ነው፤ ስንዴው ተመዝኗል፥ ሰዎቹ ግን አልተመዘኑም። ሊሠራ ከታሰበው ጋር በቀጥታ የሚቃረነው ጥፋት ከምስጋናው ቁጥር ጋር ተደምሮ ይቆጠር ነበር። እንደዚህ ባለ ጊዜ «የመሬቱ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ይህ ሥራ ይቁም» ብሎ የሚመክር ሰው የገዛ ራሱን የስንብት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ዳኛውን ከችሎት የሚያስነሣው ሕግ ደግሞ አማካሪውን አይነካውም። እርሱ የተነካው ከራሱ ኅሊና በቀር በሌላ አልነበረም።

ኅሊናም አልጠፋም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነው። በድርጅቱ ውስጥ የነበረው ኢትዮጵያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሄኖክ ክፍሌ የመኪና እርሻ በገበሬው ኑሮ ላይ ያደረሰውን ነገር መርምሮ ጻፈ፤ ጽሑፉንም በ1964 ዓ.ም. ያሳተመው ራሱ ካዱ ነው። ድርጅቱ ጓዳውን ከፍቶ አሳየ ማለት ነው። ለትላልቅ ባለርስቶች የሚሰጠውንም ብድር ከለከለ። እንደኔ አስተያየት በዚያ ዘመን ከተደረገው ማሳወቅ ሁሉ ይህ ከፍተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የቀጠረውን ቤት ጉድለት በቀጠረው ቤት ማኅተም አወጣ። ችግሩ ወረቀቱ የሚደርሰው ወዴት ነው የሚለው ነበር።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከስዊድን ጋር ሲስማማ ስለ ጭሰኛ ሕግ እንደሚያወጣ ቃል ሰጥቶ ነበር። የመሬት ይዞታን የሚያሻሽል ሚኒስቴርም በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ኪራዩን የሚወስን፥ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን የሚያዝዝ፥ ጭሰኛው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይባረር የሚከላከል ረቂቅ ተዘጋጅቶ ወደ ፓርላማ ገባ። አሁን የፓርላማውን ሰዎች እንይ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ በሚመረጥበት አውራጃ ንብረት ያለው ሰው መሆን አለበት ይላል፤ የምርጫውም ሕግ ልኩን 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት፥ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ብሎ ወሰነው። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሟቸው መኳንንትና ከፍተኛ ባለሥልጣኖች ነበሩ። ዳኛውን ከችሎት የሚያስነሣው ነገር እዚህ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚያበቃ ሆነ! ባለርስቱ ድርሻ እንዳለው ሊናገር አይገባውም ነበር፤ ድርሻው ራሱ ይለፍ ወረቀቱ ነበርና። የጭሰኛው ረቂቅ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ሳይጸድቅ ቀረ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ዓመት ጢቤርዮስ ግራኩስ የተባለው የሮማ ሹም፥ ከ500 ዩጌራ በላይ የሕዝብ መሬት የያዘ ሰው ትርፉን ይመልስና ለድሆች ይታደል ብሎ ሕግ አቀረበ። አብዝተው የተቃወሙት የሴናቶ ሰዎች ናቸው፤ መሬቱ ካለባቸውም ሰዎች ብዙዎቹ እነርሱ ነበሩ። በመጨረሻም ሴናቶሮች የመሩት ሕዝብ በዱላ ገደለው። በትምህርት ቤት ይህን ታሪክ የሚተርክ ሰው ብዙ ጊዜ የሚተወው ነገር አለ፤ ጢቤርዮስ መሬቱን እንዲያድሉ ያስመረጣቸው ሦስት ሰዎች ራሱ፥ ታናሽ ወንድሙና አማቹ ነበሩ። ሕጉ መልካም ነበር፤ እጁን ግን የሚያይለት ባዕድ ሰው በገበታው ላይ አላስቀመጠም፥ ለጠላቶቹም ወሬ ሰጣቸው።

ወደ ጭላሎ እንመለስ። ስዊድኖቹ የተሰጣቸው ቃል እንዳልተፈጸመ ያውቁ ነበር፤ በአገራቸውም ስለዚህ ነገር ብዙ ተተቸ። ቢሆንም ስምምነቱ ታደሰ፥ ሥራውም ቀጠለ። ለመቀጠል የሚሰጠው ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ ብንወጣ ትንሹን ገበሬ የሚረዳው ማን ነው ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚለው ሰው ቢወጣ እርሱም ሥራውን የሚያጣ ስለ ሆነ፥ ሰሚው ከምክንያቱ ጋር ይህንንም አብሮ መስማት ይገባው ነበር። ሁለቱን ለይቶ መመዘን የሰሚው ፋንታ ነው፤ ያልተነገረውን ግን ሊመዝን አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተራምዷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 668 የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ተሿሚው፥ ተመራጩና የመንግሥት ሠራተኛው ሀብቱን እንዲያስመዘግብ አዘዘ፤ የሕዝብ ሥራና የግል ጥቅም እንዳይጋጩ መከላከልንም ከዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። በስምምነት ከውጭ የሚመጣው ሊቅ ግን ከእነዚህ ከሦስቱ ስሞች በአንዱም አይጠራም። በዚያው በ2002 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት፥ በ2001 ዓ.ም. ስለ ተነሣው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ይመክሩት የነበሩትን ሊቃውንት ስም የገለጸው ነገሩ ካለፈ በኋላ፥ በነሐሴ ወር ነው። ስማቸውን እስከዚያ የሸሸገው ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጫና ልጠብቃቸው ብዬ ነው አለ። ከሊቃውንቱ ጥቂቶቹ ከኩባንያዎቹ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው አስቀድመው ለድርጅቱ አስታውቀው ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልሰማም። በጆሮ የተነገረ ማሳወቅ ለተናጋሪው ኅሊና ይበቃ ይሆናል፥ እንጀራው የሚቆረስበትን ሰው ግን አይረዳውም። የጭላሎው ጭሰኛም ድርሻው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአሰላ መደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ ማን ነገረው?

ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተበተነ። የካቲት 25 ቀን በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። የጭሰኛውን ውል ሊያሻሽል ታስቦ የነበረው ረቂቅ በዚያ ቀን ፋይዳ ቢስ ወረቀት ሆነ። ረቂቁ በተኛባቸው ዓመታት እንደራሴው እንደ ወትሮው ስብሰባ ገብቶ ይወጣ ነበር። ጭሰኛው ግን በየዓመቱ መኸሩን አስገብቶ ኪራዩን ከሰፈረ በኋላ፥ ትራክተሩ ዘንድሮ ወደ እርሱ እርሻ ይዞር እንደ ሆነ ለማወቅ የባለርስቱን ወኪል ደጅ ይጠና ነበር።