የበረሃ ጽጌረዳን በቤት ውስጥ ማብቀልና ማራባት

የበረሃ ጽጌረዳ በዓረብ ባሕረ ገብ መሬትና በምሥራቅ አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል አነስተኛ የአበባ ዛፍ ነው። በኦማን ዶፋር ተራሮች፣ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደሚገኝ ሁሉ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላማ አካባቢዎችም ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሱም ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቃል ከየመኗ የኤደን ከተማ ስም ጋር ይያያዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ በላቲን «ወፍራም» ማለት ነው። ተክሉን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ያረፈው የዕፅዋት ተመራማሪ ፔር ፎርስኮል ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1775 ነበር።

ወፍራም የተባለው ግንዱ ነው። ከሥሩ አካባቢ የሚያብጠው ይህ ግንድ ዛፉ ለድርቅ ወራት ውኃ የሚያከማችበት ጎተራ ነው። በመሆኑም በቤት ውስጥ የሚተከል የበረሃ ጽጌረዳ ከጥማት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከውኃ ብዛት ነው።

ከዘር ማብቀል

ፍሬው እንደ ቀንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ሲደርስ ይሰነጠቅና በሁለቱም ጫፎቻቸው ላይ ጸጉር ያላቸውን ዘሮች ነፋስ ይበትናቸዋል። ስለዚህ ዘር መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ፍሬው ከመከፈቱ በፊት በክር ሊያስረው ይገባል። ዘሩ ትኩስ ሲሆን የተሻለ ይበቅላል። አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ተዘርቶ በስሱ ከተሸፈነ፣ እርጥበቱ ከተጠበቀለትና ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ካገኘ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይበቅላል።

በቅርንጫፍና በማዳቀል ማራባት

ከዘር የበቀለ ተክል አበባው ከእናት ተክሉ ቀለም ሊለይ ይችላል። ያንኑ ቀለም ማግኘት የሚሻ ሰው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት በጥላ ሥር ካቆየ በኋላ ይተክለዋል። ይሁን እንጂ ከቅርንጫፍ የተገኘ ተክል እንደ ዘር ችግኝ ያማረ ወፍራም ግንድ እምብዛም አያወጣም። ሁለቱንም ማግኘት የሚቻለው በማዳቀል ነው፦ ከዘር የበቀለው ችግኝ ጫፉ ይቆረጥና የተፈለገው ቅርንጫፍ በንጹሕ ምላጭ ተስተካክሎ ይጋጠምበታል፤ መጋጠሚያውም በፕላስቲክ ታስሮ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ በጥላ ይቆያል።

ውኃ፣ አፈርና ብርሃን

የአበባ መትከያው ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው፣ ከአፈሩም ግማሽ ያህሉ ሸካራ አሸዋ ወይም ጠጠር ሊሆን ይገባል። ውኃ ሲጠጣ በደንብ ጠጥቶ፣ አፈሩ እስኪደርቅ ድረስ ዳግም አይጠጣም። በክረምት ቅዝቃዜ ቅጠሉን ሲያረግፍ ደግሞ ውኃው እጅግ መቀነስ አለበት። በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል፤ በጥላ የቆየ ተክል ግን ፀሐይን ቀስ በቀስ ሊለማመድ ይገባል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወደ ቤት ማስገባት ይመከራል።

ግንዱ ሲጫኑት ከለሰለሰ አስቀድሞ አፈሩን መዳሰስ ያስፈልጋል። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ተክሉ ተጠምቷል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ መበስበስ ጀምሯል፤ በዚህ ጊዜ ውኃ መጨመር ተክሉን ይገድለዋል። መፍትሔው ነቅሎ የበሰበሰውን ክፍል እስከ ጤናማው ድረስ መቁረጥ፣ ማድረቅና በአዲስ ደረቅ አፈር መትከል ነው።

መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ከተክሉ የሚወጣው ፈሳሽ የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለው። በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ለቀስት መርዝነት ሲያገለግል ኖሯል። ስለሆነም ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው ጓንት ማድረግ፣ ዓይኑን አለመንካት፣ ከዚያም እጁንና መቁረጫውን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል። ሕፃናትና የቤት እንስሳት በማይደርሱበት ስፍራ ማስቀመጥም ግዴታ ነው። ከተክሉ የበላ ሰው ቢኖር ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

በተራራ ላይ የሚገኙ አሮጌ ዛፎችን ነቅሎ መውሰድ አይገባም፤ በችግኝ ጣቢያ ያደጉትን መግዛት ይሻላል። ተክሉን ወይም ዘሩን ከሀገር ወደ ሀገር ማጓጓዝ የሚያስብ ተጓዥም አብዛኞቹ ሀገሮች የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ስለሚጠይቁ፣ ጓዙን ከመሸከፉ በፊት የመነሻውንና የመድረሻውን ሀገር ደንብ ማጣራት ይኖርበታል።