በግድ የሚሄድ እግር፣ በፈቃዱ የሚሄድ እግር

«ስፖርት ሥራ፣ ጭንቀቱ ይለቅሃል» ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲሰማ ጂም፣ ስኒከርና የወር ክፍያ ይታየዋል። ቆቦ ላይ ለሚሰማው ገበሬ ግን ምክሩ ሊያስቀው ይችላል። ማሽላ ሲያርም፣ ከብት ሲነዳ፣ በእግሩ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ለሚውል ሰው «ትንሽ ተንቀሳቀስ» ማለት ምን ማለት ነው?

እንቅስቃሴ ብቻውን ጭንቀት የሚያስለቅቅ ቢሆን ኖሮ የራያ ቆላ ሰው ጭንቀት የሚባል ነገር ባላወቀ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ከደሴ ወደ ሰሜን ወደሚወስደው ዋና መንገድ በእግሩ ወጥቷል። ቆቦም ያለችው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ያ ሁሉ እርምጃ ማንንም አላቀለለም። ተመራማሪዎችም በቅርብ ዓመታት ይህንኑ ልብ ብለዋል፤ ለእንጀራ ሲባል የሚደከም ድካምና በፈቃድ የሚደረግ እንቅስቃሴ ለጤና እኩል አይጠቅሙም።

ታዲያ ራያ በፈቃዱ የሚንቀሳቀሰው መቼ ነበር? በሶለል ነዋ! የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሲሆን የቆቦና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኳኩለው፣ ከበሯቸውን ይዘው ይወጣሉ። ላስታ «አሸንድዬ»፣ ዋግ «ሻደይ»፣ ትግራይ «አሸንዳ» የሚለው በዓል ነው። ስለ አለባበሱና ስለ ዘፈኑ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማየው እግራቸውን ነው። ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በየደጁ ይጨፍራሉ፣ እንደገና ይዞራሉ፤ ለቀናት። ዓመቱን ሙሉ ውኃና እንጨት ሲሸከሙ የከረሙ ልጆች ናቸው። መንገዱ ያው የውኃው መንገድ ነው፣ እግሩም ያው እግር ነው። ልዩነቱ ጀርባቸው ላይ ሸክም የለም፣ አጠገባቸው ጓደኛ አለ፣ ከበሮውን የሚመቱትም ራሳቸው ናቸው። (የዛሬ አሠልጣኝ ቢያገኘው «ካርዲዮ» ብሎ ያስከፍልበት ነበር።)

ችግሩ ሶለል በዓመት አንዴ ነው፤ ጭንቀት ደግሞ ነሐሴን አይጠብቅም። «በየሳምንቱ፣ በፕሮግራም» የሚለው ልማድ አገራችን የገባው በአብዛኛው በዘመናዊ ትምህርት ቤትና በጦር ሠራዊቱ በኩል ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጠነው የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። አገር ኮራ፤ ሩጫ ግን የጀግና ሥራ ሆነና ሌላው ሰው አጨብጫቢ ሆኖ ቀረ። ተራው የከተማ ሰው በሺዎች ሆኖ ለራሱ ሲሮጥ የታየው ኃይሌ ገብረሥላሴ በመሠረተው፣ ኅዳር 1994 ዓ.ም. በተጀመረው ታላቁ ሩጫ ነው።

የ«በየሳምንቱ» ጥቅም በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተፈትኗል። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ከባድ ድብርት ካለባቸው 156 ጎልማሶችና አረጋውያን ከፊሎቹ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስፖርት ሠሩ፣ ከፊሎቹ መድኃኒት ወሰዱ፣ የቀሩት ሁለቱንም። ከ16 ሳምንት በኋላ የሦስቱም ቡድኖች መሻሻል ተቀራራቢ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አምስት ቀን ማለት ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። ለቆቦ ሙቀት ማለዳው ወይም አመሻሹ ይሻላል።

ግን ማለዳ ለመውጣት መንገዱ ሰላም መሆን አለበት። በ2013 ዓ.ም. የሶለል ሰሞን ቆቦ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ጳጉሜን 4 ቀን እነዚሁ ኃይሎች በከተማዋ ሲቪሎችን መግደላቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። እንዲህ ያለውን ሐዘን ሩጫ ይፈውሰዋል የሚል ካለ አልሰማውም፤ ሐኪምም ጊዜም ይፈልጋል። በዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ነሐሴ 16 እንደገና ደረሰ። ነሐሴ 18 ቀን ጦርነቱ በቆቦ ዙሪያ ዳግም ተቀሰቀሰ። ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት በሚዞሩበት ሰሞን የከተማዋ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ጓዙን ተሸክሞ ወደ ወልድያ በእግሩ ይሸሽ ጀመር።