ከሮማ ጎዳና እስከ ቤንጋል መንደር

በጎ ሥራ በተሠራበት አገር ብቻ ተወስኖ አይቀርም። አንዱ በአገሩ የሠራውን ሌላው በሩቅ አገር ሆኖ ይመለከትና ልቡ ይነቃል፤ የነቃውም ልብ በተራው ሌላ በጎ ሥራ ይወልዳል። ይህን የሚያስረዳ የሁለት ፊልሞች ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። አንደኛው ፊልም በኢጣልያ፥ ሁለተኛው በሕንድ አገር የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም የድኻን ኑሮ ሳይሸፋፍኑ ያሳዩ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1935 አገራችንን የወረረው የፋሺስት መንግሥት የገዛ ሕዝቡንም ከጦርነት ወደ ጦርነት ሲነዳ ቈይቶ በ1943 ወደቀ። ለኢጣልያም ሕዝብ የተረፈው ፍርስራሽና ሥራ ማጣት ነበረ። ቪቶሪዮ ደ ሲካ በ1948 «የቢስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም የሠራው በዚሁ ዘመን ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንቶኒዮ የተባለ የሮማ ሰው ሥራ አጥቶ ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ የማስታወቂያ ወረቀት በግድግዳ ላይ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ዳሩ ግን ሥራው ያለ ቢስክሌት አይሆንም፤ ቢስክሌቱም በመያዣ ተይዞበታል። ሚስቱ የአልጋዋን አንሶላዎች በምትኩ አስይዛ ቢስክሌቱን ታስለቅቃለች። ሥራ በጀመረበት ቀን ግን ሌባ ይወስድበታል።

ከዚያ በኋላ አባትና ትንሽ ልጁ ብሩኖ የጠፋውን ቢስክሌት ፍለጋ ሮማን ያስሳሉ፤ አያገኙትም። በመጨረሻ አባትዮው ተስፋ ቈርጦ የሰው ቢስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር ይያዛል፤ በልጁም ፊት ይዋረዳል። የቢስክሌቱ ባለቤት የልጁን እንባ ተመልክቶ ይለቀዋል። ልጁም የአባቱን እጅ ይይዝና አብረው ከሕዝቡ መካከል ገብተው ይሄዳሉ። ፊልሙ በዚህ ያበቃል። ቢስክሌቱ አልተገኘም፥ ሥራውም አልተመለሰም፤ ነገር ግን ልጁ የተዋረደውን አባቱን አልተወውም። የፊልሙ ተስፋ ይህ ነው።

ይህ ፊልም በተሠራበት ጊዜ ዴቪድ ሴልዝኒክ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነጋዴ፥ ዝነኛው ተዋናይ ኬሪ ግራንት የአባትዮውን ቦታ ቢይዝ ገንዘብ እንደሚሰጥ ተናግሮ ነበረ። ደ ሲካ ግን ይህን አልተቀበለም፤ በዚያም ቦታ ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለውን የፋብሪካ ሠራተኛ አቆመ። በ1950 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለሥራው ልዩ ሽልማት ሰጠው።

በዚሁ በ1950 ሳትያጂት ራይ የተባለ ሕንዳዊ ወጣት በለንደን ይገኝ ነበረ። ራይ በካልካታ በአንድ የእንግሊዞች የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሥዕል ሠሪ ነበረ፤ ወደ ለንደንም የላከው ይኸው ድርጅት ነው። ፊልም እጅግ ይወድ ስለ ነበረ በ1947 ከጓደኞቹ ጋራ በካልካታ የፊልም ማኅበር አቋቁሟል። በለንደን በቈየባቸው ወራት መቶ ያህል ፊልሞች ሲያይ፥ እንደ «የቢስክሌት ሌቦች» ልቡን የነካው አልነበረም። ያልሠለጠኑ ተዋንያንን ይዞ፥ ከስቱዲዮ ወጥቶ በእውነተኛው ጎዳና ላይ፥ በጥቂት ገንዘብ ታላቅ ሥራ መሥራት እንደሚቻል ተረዳ። በመርከብ ወደ አገሩ ሲመለስም የራሱን ፊልም ንድፍ ማዘጋጀት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ራይ ከደ ሲካ የወሰደው ሮማን ወይም ቢስክሌቱን አይደለም። የመረጠው ቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ በ1929 በመጽሐፍ ያሳተመውን የቤንጋል መንደር ታሪክ «ፓተር ፓንቻሊ»ን ነው፤ ትርጓሜውም የትንሿ መንገድ ዜማ እንደ ማለት ነው። ከውጭ ያየው ነገር ወደ ገዛ አገሩ መለሰው እንጂ ከአገሩ አላስኰበለለውም።

ሥራው በጥቅምት ወር 1952 ተጀመረ። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ገና ወጣት ነበረ፤ ከዚያ በፊትም የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን በነጭ የሣር አበባ በተሞላ መስክ ላይ ሁለቱን ሕፃናት፥ አፑንና እኅቱን ዱርጋን፥ ሲያነሡ ዋሉ። ከሳምንት በኋላ ቢመለሱ አበባውን ከብቶች በልተው ጨርሰውታል፤ ስለዚህ ቀሪውን ለማንሣት አበባው ዳግመኛ እስኪያብብ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ገንዘብም ቸገረ። ራይ የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ተበደረ፤ የሚወዳቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች ሸጠ፤ የሚስቱም ጌጣጌጥ በመያዣ ገባ። በፊልሙ ውስጥ ያለችው የአንቶኒዮ ሚስት በአንሶላዋ ያደረገችውን የራይ ሚስት በጌጥዋ አደረገችው።

በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ብድር ሰጠ። የፊልሙ ስም መንገድን ስለሚጠራ ገንዘቡ በመዝገብ የተጻፈው ለመንገድ ማሻሻያ ተብሎ ነበረ። ከባለሥልጣኖቹም ወገን የታሪኩ ፍጻሜ ተለውጦ፥ ቤተ ሰቡ በልማት ሥራ ሲጠቀም እንዲታይ ሐሳብ ቀረበ። ራይ ግን እሺ አላለም። በታሪኩ ዱርጋ በዝናብ ተመትታ በንዳድ ትሞታለች፤ ቤታቸው በዐውሎ ነፋስ ይፈርሳል፤ የተረፉትም በበሬ ጋሪ ተጭነው አገራቸውን ለቀው ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ እነዚያ ልጆች የሚያልፈውን ባቡር ለማየት በነጩ አበባ መካከል ሲሮጡ ያየ ሁሉ የልጅነት ደስታ በድኽነት እንደማይጠፋ ይመሰክራል።

ፊልሙ በ1955 ለሕዝብ ታየ። አንዳንድ ሰዎች የአገርን ድኽነት በባዕድ ፊት መግለጥ ነውር ነው ብለው ተቃወሙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃዋሃርላል ኔህሩ ግን ደገፉት። በ1956 በካን በተደረገው የፊልም በዓል ሽልማት አገኘ። በኢጣልያም ቢሆን በ1952 ደ ሲካ ስለ አንድ ድኻ ጡረተኛ «ኡምበርቶ ዲ»ን ባቀረበ ጊዜ፥ የመንግሥት ሹም የነበሩት ጁልዮ አንድሬኦቲ የአገርን ስም ያጐድፋል ብለው በጽሑፍ ወቅሰውታል።

ገመናን መሸፈን በእኛም ዘንድ የተከበረ ልማድ ስለ ሆነ የእነዚህ ሰዎች ስጋት አይገርመንም። ነገር ግን አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አስተምረውናል። የሕንድ ስም በዚህ ፊልም ከበረ እንጂ አልተዋረደም፤ የተመለከቱትም ቤንጋልን የለማኞች አገር ብለው ሳይሆን የእናቶችና የልጆች አገር ብለው ዐወቋት። ድኻን አሳይቶ ማዋረድና ድኻን አሳይቶ ማክበር የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱም የሚገኘው በሠሪው ዐይን ላይ ነው።

እንግዲህ የሚጽፉና የሚስሉ ወጣቶቻችን የውጭውን ሥራ ሲያደንቁ እንደ ራይ አድርገው ያድንቁ እንላለን፤ ድፍረቱን ወስደው ታሪኩን ከገዛ መንደራቸው ይፈልጉ። መምህራንም እንዲህ ያለውን ዐይን በተማሪዎቻቸው ዘንድ ይኰትኵቱ። ሥልጣን የተሰጣቸውም፥ አንድ ወጣት የመንደሩን ችግር በእውነት ጽፎ ወይም ሥሎ ሲያቀርብላቸው፥ ፍጻሜውን ለውጥ ከማለታቸው በፊት ሥራውን እስከ መጨረሻው ይመልከቱለት።