የንጉሥ አገልጋይ የተባለው ሰው ስሙ ማን ነበር?

በአምቦና በሐሮ ወንጪ አካባቢ አባቱ "ገብረ" በሚል ቃል የሚጀምር ስም፣ አያቱ ደግሞ የኦሮምኛ ስም ያለው ሰው ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቀዌሳ አንዱ ነው። ገብረ መድኅን ማለት የመድኅን አገልጋይ ማለት ነው። "ገብረ" በግእዝ ሠራ ማለት ሲሆን "ግብር"ም "ገባር"ም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። የመጨረሻው ቃል በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ መራራ ትዝታ አለው።

በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። "ዐበድ" ሠራ፣ አገለገለ ማለት ነው፤ "ዔቤድ" አገልጋይ፣ "ሜሌክ" ደግሞ ንጉሥ። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 የሚገኘው ዔቤድ ሜሌክ ስሙ በግእዝ ቢተረጎም "ገብረ ንጉሥ" ይሆን ነበር።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "አቤሜሌክ" ተብሏል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከጌራራው ንጉሥ ከአቢሜሌክ ጋር ያምታታዋል፤ የዚያኛው ትርጉም ግን "አባቴ ንጉሥ ነው" የሚል ነው። በግእዙ ተረፈ ባሮክ በለስ ይዞ 66 ዓመት የተኛውም ይኸው አገልጋይ ነው፤ በዚያም የሚጠራው አቢሜሌክ ተብሎ ነው። "ኢትዮጵያዊ" የሚለውም ከግሪኩ ትርጉም የመጣ ነው። ዕብራይስጡ "ኩሻዊ" ይላል፤ ኩሽ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ምድር ነው።

የሰውየው ሥራ የታወቀ ነው። ባቢሎን ኢየሩሳሌምን በከበበች ጊዜ መኳንንቱ ኤርምያስን ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ጣሉት። ንጉሥ ሴዴቅያስም ልከለክላችሁ አልችልም ብሎ አሳልፎ ሰጣቸው። ይህ ባዕድ ጃንደረባ ግን ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። ፈቃድ ሲያገኝም ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ አብሮ አወረደለት።

"የንጉሥ አገልጋይ" ግን የሹመት መጠሪያም ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን በተገኘ ማኅተም ላይ "ያእዛንያ የንጉሥ አገልጋይ" የሚል ተቀርጿል። ያእዛንያ ስምም ማዕረግም አለው። ለኩሻዊው የቀረለት ማዕረግ የሚመስለው ብቻ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ሊሆን ይችላል።

በአንጻሩ ኤርምያስ እንዲሞት የጠየቁት አራት መኳንንት ከነአባቶቻቸው ስም ተመዝግበዋል። የሁለቱ፣ የዮካልና የጎዶልያስ፣ ስም ከነአባታቸው የታተመባቸው የሸክላ ማኅተሞች ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኢየሩሳሌም ቁፋሮ ተገኝተዋል።

ስማቸው በሸክላ የቀረው ዝም ያላሉት ሳይሆኑ ያሳሰሩት ናቸው። ሆኖም ማኅተም የሌለው ሰው ማዕረጉን በትክክል ተረድቶታል። ንጉሥን ማገልገል ማለት ንጉሡ መስማት የሚወደውን መንገር አልመሰለውም። ዛሬም በየቢሮው "የመንግሥት ሠራተኛ" ተብሎ ለሚጠራ ሁሉ የዚህ ስም ትርጉም ይህ ነው።